ንቁ ፈረስ ይሻላል ወይስ ገራም ፈረስ?

ሀ. መግቢያ

ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ አንዱን መምረጥ ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪዎች የማነጻጸሪያ ድርሰት የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። «የከተማ ኑሮ ከገጠር ኑሮ ይሻላል» ብለው አስቀድመው ይፈርዱና ለፍርዳቸው ምክንያት ፍለጋ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ድርሰት ቃላቱ ምንም ያህል ቢያምሩ አንባቢውን አያሳምንም፤ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ የሰጠ ዳኛን ይመስላልና።

በዚህ ክፍል የማነጻጸርን ሥርዐት የምናሳየው በአንድ የቆየ ጥያቄ አማካይነት ነው። ጥያቄውም «ንቁ ፈረስ ይሻላል ወይስ ገራም ፈረስ?» የሚል ነው። ምንባቡን ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ተከታተሉ። አንደኛው ስለ ፈረስ የተነገረው ቁም ነገር ነው፤ ሁለተኛው ቁም ነገሩ የቀረበበት ቅደም ተከተል ነው።

ለ. ጥያቄው የሚነሣበት አገር

ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙ፣ በቀድሞው የአስተዳደር ክፍፍል የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተሞች የነበሩ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው መንገድ ያገናኛቸዋል። በአንድ ወገን የጮቄ ተራሮች ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በሌላው ወገን ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይገባሉ። በክረምት ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ እግር ይይዛል፤ ወንዞቹም በድንገት ይሞላሉ።

በእንዲህ ያለ አገር ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ገበያተኛ ይሄድበታል፤ ሽማግሌ ለዕርቅ ይጓዝበታል፤ ሕመምተኛም መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ይወጣበታል። በበዓልና በሠርግ ደግሞ ጉግስ ይጫወቱበታል። ስለዚህ ፈረስ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ወገን «ጆሮው ዕረፍት የሌለው፣ ኮርቻ ሲያይ የሚያሽካካ፣ ተረከዝህ ገና ሳይነካው የሚነሣ ፈረስ ግዛ» ይለዋል። ሌላው ወገን «የለም፤ ሕፃን ጭራውን ቢጎትት የማይራገጥ፣ ወንዝ ሲያሻግሩት የማያንገራግር ፈረስ ግዛ» ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች ልምድ ያላቸው፣ ሁለቱም ቅኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ የማንን ምክር እንስማ?

ሐ. በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

ክርክር ከመጀመራችን በፊት የምንከራከርባቸውን ቃላት መወሰን ይገባናል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ቅጽሎች፣ ማለት «ንቁ» እና «ገራም» ናቸው። ነገር ግን ከእያንዳንዳቸው ኋላ አንድ ሌላ ቃል ተደብቋል። ከ«ንቁ» ኋላ «ደንባራ» የሚለው፣ ከ«ገራም» ኋላ ደግሞ «ደንዛዛ» የሚለው ይገኛል። በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ እንመልከት።

በመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ነጠላ ነፋስ አንሥቶ አርገበገበው እንበል። ደንባራው ፈረስ የተንቀሳቀሰው ምን እንደ ሆነ ገና ሳይለይ ወደ ጎን ዘሎ ይሮጣል፤ ጋላቢው ይውደቅ አይውደቅ ግድ የለውም። ንቁው ፈረስ ጆሮውን ያቆማል፤ አንገቱን ያነሣል፤ ሰውነቱም ይወጠራል። በዚያችው ቅጽበት ግን አንዱን ጆሮውን ወደ ጋላቢው መልሶ ትእዛዝ የሚጠብቅ ይመስላል። ገራሙ ፈረስ ነጠላውን አይቶ ርምጃውን ጥቂት ያዘገይና መንገዱን ይቀጥላል። ደንዛዛው ግን ነጠላውን ልብ አይለውም፤ በነጠላው ፈንታ የተናደ መንገድ ቢኖርም ልብ አይለውም። ተረከዝም አይሰማውም፤ ልጓምም አያዞረውም፤ ሂድ ሲሉት ይለግማል፣ ቁም ሲሉት ይሄዳል።

እንግዲህ ንቁውና ደንባራው ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ያነሣሉ፣ ሁለቱም ይቁነጠነጣሉ። ገራሙና ደንዛዛውም እንዲሁ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጸጥ ብለው ይቆማሉ። ከላይ ያየናቸው ሁለት ወገኖች ሳይስማሙ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ንቁ ፈረስን ሲያመሰግን ሌላው የሚታየው ደንባራው ነው፤ ይኸኛው ገራም ፈረስን ሲያመሰግን ያኛው የሚታየው ደንዛዛው ነው። የሚጣሉት በፈረስ ሳይሆን በቃል ነው።

መ. የፈረስ ተፈጥሮ

ፈረስ ቀንድ የለውም። በጥንተ ተፈጥሮው ከአውሬ የሚድነው በመሸሽ ነው። ስለሆነም ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ አንገቱን ሳያዞር በዙሪያው ያለውን አብዛኛውን ነገር ያያል። የማይታየው ቦታ በግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቅርብ የሆነውና በትክክል ከጭራው ኋላ ያለው ነው። ከኋላ በድንገት የተጠጋ ሰው የሚረገጠው ብዙ ጊዜ ፈረሱ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ማን እንደ መጣበት ስላላየ ነው። ጆሮዎቹም እየብቻቸው ይዞራሉ፤ አንደኛው ወደ ፊት ሲያዳምጥ ሌላኛው ወደ ኋላ ሊያዳምጥ ይችላል። ቆዳው አንዲት ዝንብ ስታርፍበት የሚሰማው ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ዋና ነገር አለ። ፈረስ ሁሉ ሲፈጠር ንቁ ነው፤ መሸሽም በተፈጥሮው ያለ ጠባይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው አንዱ ከሌላው ይበልጥ ፈጣን ስሜት ይዞ በመወለዱና፣ ከተወለደ በኋላም የሰው እጅ በሚያስተምረው ነገር ነው። «የተገራ ፈረስ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉ። «ተገራ» የተደራጊ ግስ ነው፤ እንግዲህ የገራው ሌላ አድራጊ አለ ማለት ነው። አድራጊውም ሰው ነው።

ሠ. ንቁ ፈረስ የሚመረጥበት ምክንያት

ንቁ ፈረስ ጋላቢውን አያደክምም። ጥቂት የጉልበት ንክኪ ይበቃዋል፤ ለመዞርም ልጓሙን በኀይል መሳብ አያሻም። አደጋን ከጋላቢው አስቀድሞ ያያል፤ በጨለማም ሰው ያልሰማውን ኮሽታ ይሰማል።

ይህ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው በጉግስ ጨዋታ ነው። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ይሸሻል፤ ሌላው ሽምጥ እየጋለበ ያሳድደዋል፤ ሲቀርበውም ዘንግ ይወረውርበታል። ተሳዳጁ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። በዚህ ጊዜ የጋላቢው ዐይን በኋላው፣ አንድ እጁ በጋሻው ላይ ነው። ፈረሱ ጥቂቱን ምልክት ተረድቶ የማይታጠፍ ቢሆን ጋላቢው በዘንግ ይመታል። ደንዛዛ ፈረስ እዚህ ቦታ የለውም።

በጦር ሜዳም ነገሩ ይኸው ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከዘመተው ሠራዊት መካከል ፈረሰኞች ይገኙ ነበር። ከምሥራቅ ጎጃም በስተ ምዕራብ ባለው በአዊ አገር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የእነዚያን አርበኞችና የፈረሶቻቸውን ውለታ በማሰብ ነው።

የአገራችን መሪዎችና አርበኞችም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። በቢቸና ምድር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከጠላት ጋር የተዋጋው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር በሚለው የፈረስ ስሙ ይታወቃል። ስሞቹን በሚገባ ስትመረምሩ አንድ ነገር ታገኛላችሁ። «ታጠቅ» እና «በዝብዝ» የሚሉት የችኮላና የኀይል ቃላት ናቸው። «ዳኘው» ግን የፍርድ ቃል ነው፤ «መላ» ደግሞ የብልሃት። አባቶቻችን ፈረስን ሲያሞግሱ ያሞገሱት እሳትነቱን ብቻ አልነበረም።

በጉግስም ቢሆን ንቃት ብቻውን አይበቃም። ዘንግ በጆሮው አጠገብ ሲያልፍ፣ ሕዝቡ እልል ሲልና ሲፎክር የሚደነብር ፈረስ ጋላቢውን ከተመልካቹ መካከል ይዞት ይገባል። ስለዚህ ጥሩ የጉግስ ፈረስ ፈጣን ብቻ ሳይሆን በሁካታ መካከል የጋላቢውን ቃል የሚሰማ መሆን አለበት።

ረ. ገራም ፈረስ የሚመረጥበት ምክንያት

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ወገን እንስማ። በቀድሞ ዘመን ዘማች ባላባት መንገዱን ሁሉ በፈረስ አይሄድም ነበር። እርሱ በበቅሎ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ፈረሱን ግን አሽከሩ እየሳበ ይከተለዋል። በፈረሱ ላይ የሚወጣው ውጊያ ሲቀርብ ነበር። ለረጅም ጉዞ፣ ለቁልቁለትና ለድንጋያማ መንገድ በቅሎ ትመረጥ ነበር፤ እግሯን አይታ ትረግጣለችና። ካህናት፣ ሽማግሌዎችና ወይዛዝርትም በሰጋር በቅሎ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ለጥያቄያችን መልስ የሰጡት ሁለት እንስሳ በመያዝ ነው፤ አንዱን ለመንገድ፣ ሌላውን ለግጥሚያ።

ሁለት ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው ግን ከአንዱ ሁለቱንም አገልግሎት ይጠብቃል። እርሱ በየቀኑ የሚያገኘው ጉግስን ሳይሆን መንገድን ነው። ከሞጣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሰባራ ድልድይ የሚወርደውን ዓይነት ቁልቁለት አስቡ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፈረስ አንድ ጊዜ ቢደነብር ሁለተኛ ዕድል የለም። የታመመች እናት በኮርቻ ላይ ተደግፋ ስትሄድ፣ ቆቅ ከሥሩ ብድግ ብትል ቀጥ ብሎ የሚቆም ፈረስ ሕይወት ያድናል። ወንዝ ሲሞላ ገመዱን ተከትሎ የሚሻገር፣ ጭቃ ሲይዘው ሳይፈራገጥ ርዳታ የሚጠብቅ ፈረስ ዋጋው ከፍጥነት በላይ ነው። ሽማግሌ የሚወጣበት፣ ልጅ የሚስበው፣ ባዕድ የሚጭነው እንስሳ የግድ ገራም መሆን አለበት።

ነገር ግን እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ጸጥ ብሎ የቆመ ፈረስ ሁሉ ገራም አይደለም። የተራበ ፈረስ ገራም ይመስላል፤ የታመመም፣ የደከመም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ፈረስ ገዝቶ ጥቂት ሳምንታት ገብስ ያበላው ሰው በረቱ ውስጥ የማያውቀው ፈረስ ቆሞ ሊያገኝ ይችላል።

ሰ. ልጓሙን የያዘው እጅ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፈረሱ ነው። ስለ ጋላቢው ሳንናገር ብንፈርድ ግን ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል።

የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ታላቁ እስክንድር ልጅነት የተረከው ታሪክ ለዚህ ይጠቅመናል። ለአባቱ ለንጉሥ ፊልጶስ ቡኬፋለስ የሚባል ፈረስ ለሽያጭ ቀረበ። ፈረሱ ሰው አላስጠጋ ስላለ ንጉሡ እንዲመልሱት አዘዘ። ልጁ እስክንድር ግን ሌሎቹ ያላስተዋሉትን አስተዋለ፤ ፈረሱ የሚደነግጠው ከፊቱ የሚንቀሳቀሰውን የራሱን ጥላ አይቶ ነበር። ስለዚህ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ጥላው ወደ ኋላው ሲወድቅ ፈረሱ ተረጋጋ፤ እስክንድርም ወጣበት። ታላላቆቹ ክፋት ብለው የሰየሙት ነገር ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው።

ከ2300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ፈረስን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ መክሯል። የፈራውን ፈረስ መምታት ፍርሃቱን ያበዛዋል፤ ፈረሱ ሕመሙን ካየው ነገር ጋር ያያይዘዋልና።

በእኛም አገር እውነቱ ይኸው ነው። ከኮርቻው ሥር ገጣባ ያለበት ፈረስ ጋላቢ ሲወጣበት ይቁነጠነጣል፤ የማያውቅ ሰው «ንቁ ነው» ይለዋል። ከንፈሩና መንጋጋው በልጓም የቆሰለ ፈረስ አንገቱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ የማያውቅ ሰው «ኩሩ ነው» ይለዋል። ደግሞም በየቀኑ ያለ ምክንያት ተረከዝና አለንጋ የሚበዛበት ንቁ ፈረስ ከጊዜ ብዛት መስማት ይተዋል፤ ደንዛዛ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ክፉ እጅ ንቁውን ደንባራ ወይም ደንዛዛ ያደርገዋል። የታገሠ እጅ ደግሞ ንቁውን፣ ንቃቱን ሳይወስድበት፣ ገራም ያደርገዋል።

ሸ. ምርጫ

አሁን ምስክሮቹን ሁሉ ስለ ሰማን መፍረድ እንችላለን። በቢቸና አጠገብ የሚኖር፣ አንድ ፈረስ ብቻ ለመግዛት የሚችል አንድ ገበሬ አለ እንበል። በፈረሱ የሚጠቀሙት ራሱ፣ አረጋዊ አባቱና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጁ ናቸው። ልጁ በጥምቀት ጉግስ መጫወት ይመኛል፤ አባትየው በየወሩ ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። በገበያው ሁለት ፈረሶች ቀርበዋል። አንደኛው አምባላይ ሲሆን ሲጋልቡት እንደ ነፋስ ይበርራል፤ ሁለተኛው ዳማ ሲሆን ረጋ ብሎ ይሄዳል።

ብልህ ገዢ በመልካቸውና በሩጫቸው ብቻ አይወስንም። ጥርሳቸውን አይቶ ዕድሜያቸውን ይገምታል፤ ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባቸውን ይዳስሳል፤ አፋቸውን ይመረምራል። ባለቤቱ ራሱ እንዲቀመጥባቸው ይጠይቃል፤ ባለቤቱ የማይደፍረውን ፈረስ መድፈር ሞኝነት ነው። ከሌሎች ፈረሶች ለይቶ ብቻቸውን ያስኬዳቸዋል፤ ጋቢውን ቀስ ብሎ ከጎናቸው ያራግፋል። ከዚያም መደንገጣቸውን ሳይሆን ከደነገጡ በኋላ የሚያደርጉትን ያያል። መደንገጥ የተፈጥሮ ነው፤ ፈጥኖ መረጋጋት ግን የትምህርት ፍሬ ነው።

አምባላዩ ጋቢው ሲራገፍ ገመዱን በጥሶ ቢሮጥና ባለቤቱም ሊይዘው ቢቸገር፣ ለዚያ ቤተሰብ አይሆንም። ዳማው ግን ጆሮውን አቁሞ ጋቢውን ተመልክቶ ወደ ባለቤቱ ቢጠጋ፣ ረጋ ያለው ስለ ደነዘዘ ሳይሆን ስለ ታመነ ነው። ገበሬው ዳማውን ቢገዛ መልካም ያደርጋል። ልጁ በዚህ ምርጫ ቅር ይለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ጉግስ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ የአያቱ ጉዞ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ልጁም በዳማው ላይ እጁን ካለሰለሰና መቀመጫውን ካጸና በኋላ ንቁ ፈረስ ለመያዝ የተገባ ይሆናል።

ገዢው በጉግስ የሠለጠነ ጎልማሳ፣ ፈረሱም ለእርሱ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ግን ፍርዱ ሊለወጥ ይችል ነበር። እርሱ አምባላዩን የመሰለ ፈጣን፣ ነገር ግን ከድንጋጤው ቶሎ የሚመለስ ፈረስ ቢመርጥ አይወቀስም። ፍርዱ የተለወጠው ምክንያቱ ስለ ተለወጠ ነው።

ቀ. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ንቃትና ገራምነት ተቃራኒዎች አይደሉም። የንቃት ተቃራኒው ድንዛዜ ነው፤ የገራምነት ተቃራኒው ደንባራነት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፈረስ ሁሉን የሚሰማ፣ ነገር ግን ከመሮጡ በፊት ጋላቢውን የሚጠብቅ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ ካልተገኘና ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ለሚሸከም ፈረስ ገራምነት ይቅደም። የቀረውን ንቃት በመልካም አያያዝ ማሳደግ ይቻላል፤ ከገደል የወደቀን ሰው ግን መመለስ አይቻልም።

የማነጻጸሪያ ድርሰት ስትጽፉም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ቃላቱን ለዩ፤ የሁለቱንም ወገን ምክንያት በቅንነት አቅርቡ፤ ለማን፣ ለምን አገልግሎት፣ በምን ሁኔታ የሚሉትን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ፍርዳችሁን በመጨረሻ ስጡ።

መልመጃ

1. በሚከተሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ደንባራ፣ ገራም፣ ገጣባ፣ ሽምጥ፣ ሰጋር፣ አንገራገረ።

2. «ታጠቅ»፣ «በዝብዝ» እና «ኮስትር» የትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። «ዳኘው» የሚለው ግን ኀላፊ ጊዜም ትእዛዝም ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱን አነባበብ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሳዩ።

3. ጸሐፊው ስለ ነጠላው የተናገረውን ምሳሌ ከምንባቡ ብናወጣው ምን ይጎድላል? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

4. በክፍል ሸ የተሰጠውን ፍርድ የምትቃወሙ ከሆነ የልጁን ወገን ይዛችሁ ለአያቱ የቀረበ የሚመስል የአንድ ገጽ ክርክር ጻፉ። ክርክሩ በአክብሮት አነጋገር የቀረበ ይሁን።

5. ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ የማነጻጸሪያ ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱን ከመጀመራችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ቅጽል ኋላ የተደበቀውን ሌላ ቃል ፈልጉ።
ሀ. ፈጣን ሠራተኛ ወይስ ጥንቁቅ ሠራተኛ?
ለ. ተጫዋች ጓደኛ ወይስ ዝምተኛ ጓደኛ?
ሐ. ቁጡ መምህር ወይስ ታጋሽ መምህር?